በስማችን ባቡር ሊያዩልን ለሄዱት ክቡር ሹም

ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.

ለክቡር የበዓላት፣ የማኅበራትና የእንግዳ አቀባበል ጽሕፈት ቤት ሹም
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል እያልሁ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ከመንገዱ ርዝመት የተነሣ ወገብዎን እንዳመመዎት በገበያ ሰምተን ከልብ አዝነናል። የባቡር ወንበር ጠንካራ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ከማኅበራችን አንድ እንኳ አስከትለው ቢሆን ኖሮ ትራስ ያስይዝዎት ነበር፤ ዳሩ ግን አንድም ስላላስከተሉ ይህ ጉዳት ደረሰብዎ። እግዚአብሔር ይማርዎ፤ ለሌላም የሰው ጉዞ ያብቃዎ።

እኔ አካለ ወልድ የተባልሁ፣ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ። ክቡርነትዎ አንብበውም ሆነ ሳያነቡ «ይቅረብ» ብለው ከሚመሩባቸው ወረቀቶች ብዙዎቹ የእኔ እጅ ጽሑፍ ናቸው። ከእግርዎ ሥር ወድቄ የሚለውን ቃል በሰው ስም ስጽፍ ኖሬ ዛሬ ለራሴና ለወዳጆቼ ስጽፍ ብዕሬ ቢያደናቅፈኝ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤውን በአደባባይ ያደረግሁት፣ የታሸገ ደብዳቤ ከጽሕፈት ቤትዎ ከገባ በኋላ የት እንደሚደርስ ስለማውቅ ነው።

ክቡርነትዎ የወከሉት ማኅበር ምን እንደሆነ ዘግይቶም ቢሆን ማወቅ ስለሚገባዎ በአጭሩ አስረዳለሁ። ስሙ የምድር ባቡር ወዳጆች ማኅበር ይባላል። በጎጃም ሐዲድ የለም፤ ይህን እናውቃለን፤ ያላወቅን እየመሰለው ብዙ ሰው መጥቶ ነግሮናል። አባላቱ ሦስት ነን። የመጀመሪያው አያ ድረስ እንዳላማው ናቸው። ቁይ ተወልደው፣ በጉብዝናቸው ወራት ከአገር ወጥተው፣ ድሬዳዋ በምድር ባቡር ሥራ መጀመሪያ እሳት አንዳጅ፣ ኋላም ነጂ ሆነው ኖሩ። አንድ ቀን በማፍያው ውስጥ ያለውን የውሃ መጠን የሚያሳየው ብርጭቆ ፊታቸው ላይ ፈነዳና እንፋሎቱ ሁለቱንም ዓይናቸውን አጠፋው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ደብረ ማርቆስ፣ ከእኅታቸው ልጅ ከታየች ቤት ይኖራሉ። ሁለተኛው ይርዳው ነው፤ የጭነት መኪና ጠጋኝ ሲሆን ናፍጣ የማይጠጣ ሞተር አያከብርም። ሦስተኛው እኔ ነኝ። ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ በአያ ድረስ አፍ ግን ብዙ አገር ተጉዣለሁ።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በይርዳው ጋራዥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠን እንከራከር ነበር። ክቡርነትዎ የፖለቲካ ጉዳይ ይሆን ብለው ሰው ልከው እንዳዳመጡን እናውቃለን፤ ያ ሰው ምን ብሎ እንዳስረዳዎ ባላውቅም የሰማው ይህን የመሰለ ነገር ነው።

«እሳቷን አውጥተህ፣ በራሷ ጊዜ እስክትበርድ ጠብቀህ ነው የምታጥባት» ይላሉ አያ ድረስ። «የዚያ አገር ውሃ እንደ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ድንጋይ ያለብሰዋል። ድንጋዩን በሽቦ ትፍቃለህ። ቸኩለህ ትኩስ ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከለቀቅህባት ብረቷ ይሰነጠቃል።»

«ለመታጠብ ይህን ያህል ከተጠበቀች መቼ ልትሠራ ነው?» ይላል ይርዳው። «ናፍጣው ቁልፍ ሲያዞሩለት ይነሣል።»

«ቁልፍ የሳጥን ነው» ይላሉ እሳቸው ተቆጥተው፤ እስከሚቀጥለው እሑድም አያነጋግሩትም።

አያ ድረስ ሁልጊዜ ትክክል ነበሩ ማለቴ አይደለም። ይርዳው አንድ ጊዜ የእንፋሎት ባቡር ሥዕል ያለበት የቀን መቁጠሪያ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ መንኰራኵሯን ብቆጥርላቸው እሳቸው ከሚሉት አነሰ፤ ሠዓሊው ዋሽቷል ብለው ድርቅ አሉ። ሲነዷት የኖሩትን ባቡር ጥላነሽ ነበር የሚሏት። በረሃው ላይ ስትቆም በአካባቢው ዛፍ ስለሌለ ነጂውም አንዳጁም ከእሷ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው እህል ይቀምሱ ነበርና ነው። አንድም ቀን ስለ እሷ እንደ ብረት ሲያወሩ አልሰማንም።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ እመለሳለሁ፤ በሙያዬ ልማድም በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ ጥላነሽ ደኅንነት ስላደረጉት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። በጥቅምት ወር አንድ ጡረታ የወጡ የአያ ድረስ የሥራ ባልደረባ፣ የቀሩት የእንፋሎት ባቡሮች ተቆራርጠው ለብረት ሊሸጡ ነው፤ ጥላነሽም ከእነሱ ጋር ናት፤ ከዚያ በፊት ግን ለመጨረሻ ጊዜ እሳት ነድዶባት ጥቂት መንገድ ትሄዳለች የሚል ቃል በሰው ላኩ። እኔ ወዲያው ለባቡር ኩባንያው ጻፍሁ። መልሱም ያማረ ነበር፤ ሦስታችንን በየስማችን ጠርተው፣ የፉጨቷን ገመድ ድረስ እንዳላማው በእጃቸው እንዲስቡ እንፈቅዳለን ብለው ነበር። ማኅበሩ በጽሕፈት ቤትዎ የታወቀ ስለሆነ መልሱ የመጣው በእርስዎ በኩል ነው። እኔም የጉዞ ፈቃድ ለመጠየቅ ባቀረብሁት ማመልከቻ ላይ፣ ጥላነሽ ሳትቆራረጥ ደርሰን እንድንሰናበታት ይፈቀድልን ብዬ ጻፍሁ።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ፖሊሶች ከታየች በር ላይ ቆሙ።

«ጥላነሽ የተባለችውን ሴት ሊቆራርጥ ያሰበው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቋት።

«ጥላነሽ እኮ ባቡር ናት» አለች ታየች።

ፖሊሱ ደብተሩን አውጥቶ «የአባቷስ ስም?» አለ።

ጉዳዩ እስኪጣራ ወሩ አለቀ። ስለ አንዲት ባቡር ሕይወት ይህን ያህል የተጨነቀ መሥሪያ ቤት በሌላ አገር ያለ አይመስለኝም።

፪ኛ/ ደጅ በማስጠናት ስላስተማሩን ትዕግሥት አመሰግናለሁ። ክቡርነትዎ ለንግሥ መርጡለ ማርያም ናቸው ተባልን፤ ከዚያም እንግዳ ለመቀበል ጉንደ ወይን ወርደዋል ተባልን፤ ከዚያም ደክሟቸው ተኝተዋል ተባልን። በመጨረሻ አያ ድረስን ይዤ ከፊትዎ በቆምሁ ጊዜ ክቡርነትዎ ወደ እኔ ብቻ እየተመለከቱ «እኚህ ሰው አያዩም፣ አይደለም?» አሉኝ።

«አላይም ጌታዬ» ብለው አያ ድረስ ራሳቸው መለሱ።

«ታዲያ ዕውር ሰው ባቡር ምን ያደርግለታል?»

«ልዳስሳት ነው። ድምፅዋንም ልስማ። ዓይኔ ሳለ መጨረሻ ያየሁት እሷን ነው፤ ሌላ ነገር ለማየት አልለመንሁም።»

ክቡርነትዎ ፈገግ ብለው «እናስብበታለን» አሉ። አያ ድረስ ፈገግታዎን ስላላዩ በተስፋ ወጡ። በመንገድ ላይ ክንዴን ጨብጠው «ደግ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ያስታውቃል» አሉኝ። ጆሯቸው ሲሳሳት መጀመሪያ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

፫ኛ/ ቃልዎን ጠብቀው በእርግጥ ስላሰቡበት አመሰግናለሁ። የአሳብዎን ፍሬ የሰማነው ከታየች ነው። ቅዳሜ ገበያ ሄዳ ሳለ የጽሕፈት ቤትዎ ላንድሮቨር ማር በገንቦ፣ በግም ከነነፍሱ ተጭኖበት ሲነሣ አየች። ዘበኛውን የማን ጉዞ እንደሆነ ብትጠይቀው ነግሯት፣ የገዛችውን ሽንኩርት እንኳ ሳታነሣ እየሮጠች ጋራዡ ደረሰች።

«አጎቴ!» አለች ትንፋሿ ተቆራርጦ። «እናንተ ሄዳችኋል!»

«ወዴት?» አሉ አያ ድረስ።

«ባቡር ልታዩ! የባቡር ወዳጆች ማኅበር ዛሬ ጠዋት ሄደ አለኝ ዘበኛው። ሹሙ፣ የሚስታቸው ወንድምና የዕቃ ቤቱ ኃላፊ።»

በኋላ እንዳነበብነው፣ ማኅበሩ ለክብሩ በሚመጥኑ ሰዎች መወከሉ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል። ለክብራችን ሲሉ ያን ሁሉ አቧራ መቃምዎን ሳስብ ምስጋና ያጥረኛል።

ጥላነሽ የምትሄድበት ቀን ገና ስላልደረሰ ይርዳው እህል የጫነ የወዳጁን መኪና ለመነና በማግሥቱ ተነሣን። አያ ድረስ በድሬዳዋ ሳሉ ይለብሱት የነበረውን ካኪ ኮት ለብሰው ነበር፤ ታየች ቁልፉን ተክላ አጥባላቸዋለች። በመንገድ ሁሉ ይርዳውና እሳቸው ስለ ፍሬን ሲከራከሩ፣ ሾፌሩም ሁለታችሁንም አልሰማም እያለ ሲስቅ ደጀን ደረስን። ከዚያ በታች ዓባይ ነው። በዚያ ወራት የኬላው ፖሊስ የመንገደኛ ስም ይመዘግብ ነበርና ስማችንን ጠየቀን። ነገርነው። ጽሑፉን አገላብጦ ቀና አለ።

«ድረስ እንዳላማው ትናንት አልፏል» አለ።

«ልጄ፣ ድረስ እኔ ነኝ» አሉት።

«አባቴ፣ እንዴት ይሆናል? አልፏል ይላል። አካለ ወልድም አልፏል። ይርዳውም አልፏል። የጥሪ ደብዳቤ ይዘው በመንግሥት መኪና ነው ያለፉት።»

በዚህ ጊዜ ነበር ነገሩ የገባን። ኩባንያው የጠራው በየስማችን ስለሆነ ክቡርነትዎና ባልደረቦችዎ ስማችንን ጭምር ይዘው ሄደዋል። ከሁኔታው እንደተረዳሁት ክቡርነትዎ እኔ ነበሩ። ኮራሁ። አካለ ወልድ በላንድሮቨር ሲሄድ የመጀመሪያው ነው።

ፖሊሱ ክፉ ሰው አልነበረም። በሌላ ሰው ስም በመጓዝ ሊያስረን ሲችል ወደ ጎን ጠራንና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሌላ ስም ስጡኝ፤ ልጻፈውና እለፉ» አለን። እኔና ይርዳው እሺ አልን። ይርዳው አያ ድረስን ለመናቸው።

«ስም ምን ያደርግልዎታል? ከዚያ ሲደርሱ ገመዱን ይስባሉ፣ አለቀ።»

«አይሆንም» አሉ።

«አያ፣ ስለ እግዚአብሔር!»

«ዕድሜዬን በስሜ ነድቻታለሁ። ልትሞት ስትል በሌላ ሰው ስም አልሄድባትም።»

ተቆጣናቸው። ይርዳው በአቅመ ቢስነት የመኪናውን ጎማ በእርግጫ መታ። እኔ በጽሑፍ የማውቀውን የልመና ቃል ሁሉ በአፌ ደረደርሁላቸው፤ አልሰሙኝም። መኪናው ያለ እኛ ቁልቁል ወደ ዓባይ ወረደ። እኛም በመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ቀረን። ከዓባይ የሚወጡት መኪኖች ሲያቃስቱ ይሰማል። አያ ድረስ ጆሯቸውን ወደዚያው አዘንብለው እያንዳንዱ ስንት እንደጫነ ይገምቱ ነበር፤ ይርዳውም ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ነዎት ይላቸው ነበር። ልክ እንዳልነበሩ እኔ እንኳ አውቅ ነበር።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ትቼዋለሁ፤ የቀረው ለቁጥር አይመችም።

ጥላነሽ እሳት የምትነድድበት ቀን ሲደርስ እኛ ከጋራዡ ነበርን። ይርዳው መዶሻውን አስቀመጠ። ማንም ሳይጠይቃቸው አያ ድረስ መናገር ጀመሩ።

«አሁን እሳቱን ጀምረውላታል። ትንሽ ትንሽ ነው የሚነደው፤ መቸኮል የለም። ብረቱ እኩል ካልሞቀ ያማታል።» ቆይተውም ቀጠሉ፤ «አሁን ዘይት እያጠጧት ነው። አንዳጁ በየመንኰራኵሩ ኩሽኔታ ላይ እጁን ያሳርፋል፤ በመዳፉ ሳይሆን በእጁ ጀርባ። መዳፍን ሥራ ያደነዝዘዋል፣ ትኩሳት አያውቅም።» የእጃቸውን ጀርባ በአየር ላይ ቀስ አድርገው አሳለፉ። «ይኸው ተነሣች።»

ቀኝ እጃቸው ወደ ላይ ወጣ፤ የሆነ ነገር ጨብጦም ወደ ታች ወረደ። አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ።

ይርዳው ይህን ማየት አልቻለም። ከአጠገቡ ካለው መኪና ዘሎ ገባና ጡሩንባውን ነፋው።

«እሱ አይደለም» አሉ አያ ድረስ በቀስታ። «ተወው፣ ይርዳው። እሱ አይደለም።»

ናፍጣ አምላኪው ይርዳው ከመኪናው ሳይወርድ መሪውን ይዞ ሲያለቅስ አየሁት።

ከጉዞ በተመለሱ ጊዜ በአዳራሹ ስላደረጉት ንግግር የማመሰግንበት ቃል ገና አላገኘሁም። የባቡሪቱን ጤንነት መርምረን ለብዙ ዘመን የምታገለግል መሆኗን አረጋግጠናል ባሉ ጊዜ ሕዝቡ አጨበጨበ። ተቆራርጣ ካለቀች በዚያን ዕለት ሳምንት ሆኗት ነበር። አያ ድረስ በታየች ትከሻ ተደግፈው ተነሡ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ፉጨቷ እንዴት ነበር?»

ክቡርነትዎ በቅንነት መለሱ፤ ለዚህ ብቻ እውነተኛ ምስጋና አለኝ። ገመዱን እንዲስብ የባለቤትዎ ወንድም ተጋብዞ እንደነበር፣ ነገር ግን ገመዱ ግራሶ ስለነካው እጄ ይቆሽሻል ብሎ እንደተወው፣ ወዲያውም ለምሳ ስለተጠራችሁ ነገሩ በዚያው እንደቀረ ነገሯቸው።

«ሌላ ሰው አልሳበውም?»

«ክብሩ ለድረስ እንዳላማው የተሰጠ ስለነበረ ሌላ ሰው መሳብ አልተገባውም።»

እንደዚህ ሆኖ ጥላነሽ ሳትጮህ ሄደች። ቃል የላኩት ባልደረባ ኋላ እንዳስረዱን፣ በዚያ የነበሩት አዳዲስ ሠራተኞች አያ ድረስን በመልክ የሚያውቋቸው አልነበሩም፤ ዛሬም ቢሆን «ድረስ እንዳላማው መጥቶ ፉጨቷን አልስብም አለ፣ ኮርቶባት ሄደ» እያሉ ያወራሉ። እኔ ተቃራኒውን ጽፌላቸዋለሁ። መልስ አልመጣም። ደብዳቤው በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ስለሚያልፍ ይመጣል ብዬም አልጠብቅም።

አያ ድረስ አሁን እሑድ ከእኛ ጋር አይቀመጡም። ታየች እንደምትለው ከቤት ሆነው በመንገዱ የጭነት መኪና ሲያልፍ ምን ዓይነት ነው ብለው መጠየቅ ትተዋል። ሄጄ ማፍያው እንዴት እንደሚታጠብ ብጠይቃቸው «ረሳሁት» አሉኝ። አልረሱትም። ይርዳው ባሕር ዳር ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ማኅበሩ እኔ ብቻ ነኝ፤ የክብር ሊቀ መንበሩ ግን ክቡርነትዎ እንደሆኑ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብቤያለሁ፤ እንኳን ደስ አለን።

ማመልከቻ ያለ ልመና አይዘጋም። ለሌላው ሰው ሁሉ የምለምነው አላጣም፤ መሬቱ ይመለስለት፣ ልጁ ይፈታለት እላለሁ። ለራሳችን የምለምነውን ግን ስፈልግ ሰንብቼ አላገኘሁም። የተቆራረጠች ባቡር በቀጭን ትእዛዝ አትገጠምም፤ ያልተጮኸ ጩኸትም በይግባኝ አይሰማም። ስለዚህ ምንም አልለምንዎትም። በሙያ ዘመኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በክቡርነትዎ ጥላ ሥር ለመኖር የታደልሁ፣ በኬላም በጉዞም በምሳም ሙሉ በሙሉ የተወከልሁ፣ ወንበርዎ እንዲሰፋ፣ ወገብዎም እንዲሻለው ሌት ተቀን የምጸልይ ትሑት አገልጋይዎ፣

አካለ ወልድ
(የደጀኑ ሳይሆን የደብረ ማርቆሱ)

ማስታወሻ፦ ትናንት የሌላ ባለጉዳይ ወረቀት ይዤ ስገባ ከወንበርዎ በላይ የተሰቀለውን ትልቅ ፎቶግራፍ ቀና ብዬ አየሁት። ሦስታችሁም እጃችሁን ከጣውላ ግድግዳ ላይ ጭናችሁ ቆማችኋል፤ ከሥሩም «ከታሪካዊቷ ባቡር ጋር» ይላል። ባቡር አይቼ የማላውቅ ሰው ነኝና ልሳሳት እችላለሁ፤ ይሁን እንጂ ከክቡርነትዎ ትከሻ በላይ በጣውላው ክፍተት አንድ በሬ አንገቱን አውጥቶ ፎቶግራፍ አንሺውን ይመለከታል። የተደገፉት የከብት ፉርጎ ነው። ለአያ ድረስ አልነገርኋቸውም። ዓይናቸው ባለማየቱ እግዚአብሔርን ያመሰገንሁት ትናንት ብቻ ነው።